ልብ ሲደልቅ

በ2010 ዓ.ም. ክረምት እንቅልፍ አጣሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ያሉት ሳምንታት በእኛ ሙያ ምን እንደሚመስሉ የቀመሰው ያውቃል። ኦዲተር ይጠብቃል፣ ደረሰኝ ይጎድላል፣ አለቃ ይጣራል። ቀኑን እንደምንም እወጣዋለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ልቤ ድው ድው እያለ ይቀሰቅሰኛል፤ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። አሁን ሊቆም ነው እያልኩ እስኪነጋ ግድግዳ ተደግፌ እቀመጣለሁ።

እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ሐኪም ቤትም ሄድኩ። ሐኪሟ የልቤን ምት የሚያሳየውን ወረቀት ደጋግማ ካየች በኋላ፣ «ልብሽ ጤነኛ ነው፤ የያዘሽ ጭንቀት ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ሌሊቱ ግን ያው ነበር። ደህና መሆኔን ጆሮዬ ሰማ እንጂ ሰውነቴ አላመነም።

በግቢያችን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ይኖራሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እናቴ ነግራቸው ኖሮ አንድ ማታ ጠሩኝ።

«ሐኪም አይቶሻል?»

«አዎ ጋሼ፣ ልብሽ ደህና ነው ብለውኛል።»

«እንግዲያው ነገ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በር ላይ ጠብቂኝ። ቱታ ከሌለሽ ባለሽ ልብስ ነይ፤ ጫማሽ ብቻ የሚመች ይሁን።»

በማግስቱ የወሰዱኝ መስቀል አደባባይ ነው። በየቀኑ በታክሲ አልፈዋለሁ፤ ጎህ ሲቀድ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ያኔ ገና አልታደሰም። ክረምት ስለነበረ እንደ ደረጃ የተደረደሩት ረድፎቹ ላይ ጭቃ አለ፤ ከእስጢፋኖስ በኩል የቅዳሴ ድምፅ ይሰማል፤ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ማለት ጀምረዋል። በየደረጃው ሰው ይሮጣል። አንዱን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጨርሱና አንድ እርከን ወጥተው በላይኛው ይመለሳሉ። አሠልጣኝ ፉጨት እየነፋ የሚያስሮጣቸው ወጣቶች አሉ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሶምሶማ የሚሄዱ እናቶች አሉ፤ ቦርጫቸውን ለማጥፋት የመጡ ጎልማሶች አሉ። ማንም ማንንም አያይም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሴት ልጅ በሰፈር መንገድ ብትሮጥ ስንት ነገር እንደምትሰማ የምታውቅ ታውቀዋለች።

ጋሼ ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ማውራት በምትችይበት ፍጥነት ሂጂ፤ ማውራት ካቃተሽ ቀንሺ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልቤ መደለቅ ጀመረ። ያው የሌሊቱ ድምፅ፣ ያው ቁና ቁና ትንፋሽ፣ ያው ላብ። ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ፤ ያዙኝ ልል ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ግን ፊታቸው ላይ አንዳች ድንጋጤ የለም። «ደለቀ? ይደልቅ! ሥራው ነው» አሉኝ። ቀስ ብለን በእርምጃ ሄድን። ጥቂት ቆይቶ ረጋ። ደግመን ሮጥን፤ ደለቀ፤ ደግሞ ረጋ።

ዛሬ ስለዚያ ጠዋት ሳስብ ያዳነኝ ይህ መደለቅና መርጋት ይመስለኛል። ብዙዎች ስፖርት መንፈስን የሚያድሰው አንጎል ውስጥ ኢንዶርፊን ስለሚለቅ ነው ይላሉ፤ የእሱም ድርሻ ይኖራል። እኔ በሰውነቴ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ስንጨነቅ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ደማችን ውስጥ ይበዛሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። አካል ሊሮጥ ወይም ሊታገል ተዘጋጅቶ ሳለ እኛ ወንበር ላይ እንውላለን። ቀጥሎ የልባችንን ፍጥነት ራሱን እንፈራለን፤ ፍርሃቱ ደግሞ ልብን ይብስ ያፈጥነዋል። ደረጃው ላይ ይህ ክር ተበጠሰ። ልቤ በፈጠነ ቁጥር ተመልሶ እንደሚረጋ ደጋግሜ አየሁ። ከጊዜ በኋላ ሌሊት ስነቃ፣ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብዬ ጎኔን ገልብጬ መተኛት ቻልኩ። ሥራው አልቀነሰም፤ ኦዲተሮቹም አልቀሩም።

ጋሼ በሳምንት አምስት ጠዋት፣ በየጠዋቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሉኝን ከራሳቸው ያመጡት መስሎኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንደሚመክር ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰው ግን በደቂቃ ብዛት ብቻ አይጸናም። እኔን ያጸናኝ ሰላምታ ነው። ስማቸውን የማላውቃቸው ሴቶች ከቀረሁ፣ «ምነው ጠፋሽ?» ይሉኝ ጀመር።

ክረምቱ አልፎ በመጣው ኅዳር ከነዚሁ ሴቶች ጋር ታላቁ ሩጫን ሮጥኩ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1994 ዓ.ም. የጀመረውና የመጀመሪያውን ዙር ራሱ ያሸነፈበት ውድድር፣ የዚያን ዓመት ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ነበር። አሥሩን ኪሎ ሜትር ግማሹን ሮጬ ግማሹን እየዘፈንኩ ጨረስኩ። ኅዳር 30 ቀን ደግሞ አንዳንድ የከተማዋ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተለቀቁ። እናቴን ይዣት ወጣሁ፤ አስፋልቱ መሐል ላይ ከማያውቋት ሰዎች ጋር እጆቿን ወደ ላይ ስታነሣ ስታወርድ ሳያት እንባዬ መጣ።

አደባባዩ ለእድሳት ሲዘጋ በየፊናችን ተበተንን። ሰኔ 2013 ሲከፈት ጭቃው ቀርቶ ወለሉ ተነጥፎ አገኘነው፤ ከሴቶቹም አብዛኞቹ ተመለሱ። ጋሼ አሁን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ታችኛውን ረድፍ በእርምጃ ይሄዱታል። አዲስ የመጣ ሰው ቁና ቁና ሲተነፍስ ሲያዩ ግን ከታች ሆነው፣ «እያወራህ! እያወራህ ሩጥ!» ብለው ይጮኹበታል።