ስድስት ክር፣ አምስት ድምፅ



ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ኢንሹራንስ ዋጋም አላማርርም፤ ባለፈው በቂ አማርሬያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጊታር ነው። አዎ፣ ጊታር። የምታውቁኝ ሰዎች ሳቃችሁን ጨርሱና ተመለሱ፣ እጠብቃለሁ።

የምጽፈው ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሆኜ ነው። ከፊቴ አሥራ አንድ ታክሲ አለ። የኮሎምበሱ ጆን ግሌን ኤርፖርት እንደ አትላንታ ወይም እንደ ቺካጎ አይደለም፤ አውሮፕላኑ በርከት ብሎ ያርፍና ከዚያ ጭር ይላል። በዚያ ጭርታ ውስጥ ሰው ይተኛል፣ ይጸልያል፣ ካርታ ይጫወታል፣ አገር ቤት ካለ ዘመድ ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል። እኔ ደግሞ ካለፈው መስከረም ጀምሮ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጊታር እማራለሁ። ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ነው።

ጊታሩ የልጄ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ ግዛልኝ ብላ ወጥራ ያዘችኝ። ከሁለተኛ እጅ ዕቃ መሸጫ በ85 ዶላር ገዛሁላት። ሦስት ወር ያህል ሞካከረችና ተወችው። ያን ዕለት የተናገርኩትን አልረሳውም። «እኔ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ይዤ እውላለሁ፣ አንቺ አንድ ክር መጫን አቃተሽ? የጀመሩትን የማይጨርስ ሰው የትም አይደርስም» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ጊታሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ከኮቶቹ ኋላ አስገባችውና በሩን ዘጋች።

ባለፈው መስከረም አንድ ሌሊት ከሥራ ስመለስ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኮት ልሰቅል ቁም ሣጥኑን ስከፍት ጊታሩን አየሁት። ሳሎን ይዤው ወጣሁና ስልኬ ላይ ለጀማሪ የሚያስተምር ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውየው እየሳቀ «ይህ በጣም ቀላሉ ኮርድ ነው» ይላል። ጫንኩ። ድምፁ የታፈነ ድመት መሰለ። ጠበቅ አድርጌ ጫንኩ። አሁንም ድመት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የግራ እጄ ጣቶች ጫፍ ምጣድ የነካ ያህል ተቃጠለ። በማግስቱ መሪ ስይዝ፣ ለተሳፋሪ መልስ ስቆጥር፣ ስልክ ስነካ ያመኛል። የዚያን ዕለት ሞርስ ሮድ ላይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ጣቴን እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ። ይህቺ ልጅ በዚያ ለስላሳ ጣት ሦስት ወር ሙሉ ይህን ስትችል ኖራ ነበር። እኔ ሰነፍ አልኳት።

ያን ጊዜ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቃት ጥሩ ነበር። አልጠየቅኩም። ይልቅ እልህ ያዘኝ።

ነገሩ ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ስሙ በገነነበት አገር፣ አምባሰልን በማሪቱ ለገሰ ድምፅ እየሰማን ነው ያደግነው። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን የኪነት ጓዶች ልምምድ ሲያደርጉ በመስኮት እያየሁ እቆም ነበር። አንድ ቀን አባቴ ደረሰብኝ። አልመታኝም። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። በቃ፣ በዚያው ቀረ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የዘመኑ ሰው ነበር። ያለ አዝማሪ ሠርግ የማይደግስ፣ የገዛ ልጁ አዝማሪ ከሆነ ግን ቤቱ ለቅሶ የሚሆንበት ሰው። ሽማግሌዎቹ በገና የዳዊት ነው፣ ክራር የሰይጣን ነው ሲሉ እየሰማን አይደል ያደግነው? እኔ እንግዲህ ከለከሉኝ ብዬ ሳዝን ኖሬ፣ የራሴን ልጅ ደግሞ ለምን ተውሽ ብዬ አሳዘንኳት።

አሁን ወደ አስተማሪዬ ልሂድ። ወረፋ ላይ ጋሼ የምንላቸው አንድ ሸምገል ያሉ የአዲስ አበባ ሰው አሉ። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ጊታር ይጫወቱ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የኋላ ወንበር ላይ ስታገል አዩኝና መስኮቱን አንኳኩ። «አንተ ልጅ፣ አንገቱን አንቀህ ልትገድለው ነው?» አሉኝ። በሩን ከፍተው ገቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ መምህሬ ናቸው። ክፍያቸው ቡና ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር፦ ክሩን የሚያስጮኸው ጉልበት አይደለም፣ ቦታው ነው። ጣት የሚያርፈው ከብረቷ ዘንግ፣ ፍሬት ከሚሏት፣ ከጀርባዋ ጠጋ ብሎ ነው። ከራቅህ ያንዛርጣል፣ ላይዋ ከወጣህ ይታፈናል። አውራ ጣት ከአንገቱ ኋላ ደገፍ ይበል እንጂ አይጨብጥ። የግራ እጅ ጥፍር ይቆረጥ። ሁለተኛው ትምህርት፦ እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት ከመታገል በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበልጣል። የጣት ቆዳ የሚጠነክረው እየተነካ እያረፈ ነው። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ወር ገደማ ሲሆነኝ ጣቴ ጠጥሮ ሕመሙ ለቀቀኝ።

ጋሼ ሲያስተምሩ ጨዋታም ያመጣሉ። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀባቸው ዓመታት ሆቴል ገብቶ የሚጨፍር ሰው በሩ ይዘጋበትና እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ባንዱም አብሮ ያድራል። አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል፣ በኋላም ሮሃ ባንድ ግዮን ሆቴል እየተጫወቱ። የሁለቱም ጊታር ሰላም ስዩም ነበር። ጋሼ «ሌላው ሰው ለጭፈራ ይገባል፣ እኔ የሰላምን ጣት ለማየት ነበር የምገባው» ይላሉ። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ»ን እስቲ ዛሬ እንደገና ክፈቱትና ዘፈኑን ትታችሁ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። ስንት ዘመን ስንሰማው የኖርነውን ነገር አልሰማነውም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ተስፋ ቆረጥኩ። ኢ ማይነር በሁለት ጣት ይያዛል፣ እሱን ቻልኩ። ኤ ማይነርንም ቻልኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ግን አቃተኝ፤ አንዱ ጣት ሲደርስ ሌላው መንገድ ይጠፋበታል። ኤፍ የሚሉት ደግሞ አለ፣ በአንድ ሌባ ጣት ሁሉንም ክር ደፍጥጦ መያዝ። እሱን የፈጠረው ሰው ታክሲ ነድቶ አያውቅም። «ጋሼ በቃኝ» አልኳቸው።

ጊታሩን ተቀበሉኝና «እሺ፣ ምንም አትጫን» አሉ። የግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣታቸው ባዶውን ክር አንድ በአንድ ነኩት፦ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ አንደኛው። መልሰው ሦስተኛው ላይ አረፉ።

ወገኖቼ፣ ትዝታ ነበር።

በትክክል እንድትይዙት ላስረዳ። የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ሲነሱ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ስድስት ክር ነው እንጂ ድምፁ አምስት ነው፣ ኢ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ። ከጂ ተነሥታችሁ ስትደረድሯቸው ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ይሆናሉ። ይህ ሜጀር ትዝታ የሚባለው ነው። ክራርም ስድስት ክር ሲኖረው እንዲሁ አምስት ድምፅ ነው፣ ስድስተኛው አንዱን ይደግማል። ጊታር ላይ ቅደም ተከተሉ ተዘበራረቀ እንጂ ድምፆቹ ያው ናቸው። ልጄ ጊታሩን የተወችበት ሦስት ወር ሙሉ ትዝታ እቤቴ ነበረ። ማንም አልነገራት፣ እኔም አላወቅኩም።

ጋሼ ቀጠሉ። «አሁን ያንኑ ድምፅ ልምታልህ፣ ግን ማረፊያዬን ኢ ላይ አደርገዋለሁ» አሉ። መቱ። ባቲ ሆነ፣ ማይነር ባቲ የሚሉት። ክሩ አልተለወጠም፣ ጣት አልተጫነም። የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው። እኔ ባቲን መጀመሪያ ያወቅኳት በሰኞ ገበያዋ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ። ቅኝቷን ግን ኦሃዮ፣ የቆመ ታክሲ ውስጥ ተማርኩ።

ትንሽ መጫን ለቻለ ደግሞ ሌላ ጥንድ አለ። ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ኢ ላይ ካረፋችሁ አምባሰል ነው፤ ኤ ላይ ካረፋችሁ ማይነር ትዝታ ነው። አንቺሆዬን ጋሼ «ለከርሞ» ብለውኛል።

ከዚያ ጥር መጣ፣ እኔም ጥፋት ሠራሁ። አንድ ሌሊት ደክሞኝ ጊታሩን የመኪናው ኮፈን ውስጥ ረስቼው ገባሁ። የዚህን አገር ጥር ታውቁታላችሁ። በማግስቱ ወስጄ ማሞቂያ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ይሙቅ ብዬ። ያ ደግሞ የባሰ ነው። ማታ ሳየው ክሮቹ ከታሰሩበት አጠገብ እንጨቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። ጋሼ ሳሳያቸው ምላሳቸውን መጠጡ። «እንጨት እንደ ቆዳ ነው፣ ብርድም ድርቀትም ይሰነጥቀዋል። ባዝሊን አይቀባ ነገር!» አሉኝ። እርጥብ ስፖንጅ በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ አድርገህ ሣጥኑ ውስጥ አኑር ብለው መከሩኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ አደርጋለሁ፤ ስንጥቋ አልሰፋችም።

ግን ጊታሩ የእኔ አልነበረም። መናገር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ሳሎን አስቀመጥኳትና ስንጥቋን አሳየኋት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኳት። ቀጥዬም «ጣትሽ ያምሽ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ሰነፍ ያልኩሽ ሳላውቅ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ወገን፣ ለልጅ ይቅርታ ማለት ከኤፍ ኮርድ ይከብዳል። እኛ ቤት ስናድግ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምተን አናውቅም። ልጄ ስንጥቋን በጣቷ ዳሰሰችና «እያመመኝ ነበርኮ፣ አባዬ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ዝም ብለን እንዳንቀር ብዬ ጋሼ ያሳዩኝን መታሁላት። ባዶ ክር፣ ጂ ላይ አረፍኩ። «ይሄ መኪና ውስጥ የምትከፍተው ነው» አለች ወዲያው። ሁለተኛውን ኢ ላይ አረፍኩ። «ይሄኛውን አላውቀውም» አለች። ክሮቹ ያው መሆናቸውን ነገርኳት። አላመነችም። ጊታሩን ተቀበለችኝና ራሷ ሞከረች። እነዚያኑ አምስት ድምፆች እያገላበጠች ትንሽ ተጫወተችና አምስተኛው ክር ላይ፣ ኤ ላይ አረፈች። ደጋገመችው። «ይሄስ ምን ይባላል?» አለችኝ።

አላወቅኩም። ሰኞ ወረፋ ላይ ለጋሼ ልጄ እንዳደረገችው መታሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ከአራቱ ቅኝት አንዱም አይደለም» አሉ። «ታዲያ ስህተት ነው?» አልኳቸው። «ማን ስህተት አለ? ድምፁ የኛው ነው። ልጅቷ እዚያ አረፈች፣ በቃ» አሉኝ። ቡናቸውን ጨልጠው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ማታ ያሉትን እንዳለ ነገርኳት። ፈገግ አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጊታሩ ቁም ሣጥን አልገባም። ሌሊት ወይም ሥራ ስሄድ የኔ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሷ ነው። ስትፈልግ ትነካዋለች፣ ሳትፈልግ ትተወዋለች። ለምን ተውሽ አልልም።

እንግዲህ በየከተማው ያላችሁ፣ ቤታችሁ ልጅ የተወው ጊታር ካለ፣ ነገ ይሸጥ ከማለታችሁ በፊት አንድ ማታ አውጡት። መቃኛው ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። ቃኙትና ምንም ሳትጫኑ ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ አንደኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ ምቱ። ሲሳካላችሁ ልጁን ጥሩት። እሱ የት እንደሚያርፍ አዳምጡና እዚህ ጻፉልኝ።

በሉ፣ ከፊቴ አንድ ታክሲ ብቻ ቀረ። የዴንቨሩ አውሮፕላን አርፏል መሰለኝ። ቸር ያሰማን።