ፍሙ ውጭ ይደር

«ወንጪ ሄደን ሥጋ ልንጠብስ ነው፤ ምን እንያዝ?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልሴ አጭር ነው፦ ላቀች ምድጃ፣ የሽቦ መጥበሻ፣ ረጅም መቆንጠጫ። ላቀች ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። ማራገቢያው ቢረሳ የካርቶን ቁራጭ ይተካዋል።

የማይተካው ክዳኑ ግጥም የሚል ትልቅ ጣሳ ነው። የተረፈውን ፍም አፍኖ ያጠፋል፤ ከሰሉም ለነገ ይተርፋል። የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ታዲያ «ጭሱን ጨርሷል» ይባልና ምድጃው ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ ድንኳን ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ጣሳውም ቢሆን ከነፍሙ ውጭ ይደር። ለብርዱ ጋቢ አለ፤ ጋቢ የገደለው ሰው እስካሁን አልሰማሁም።