መልስ ያጣው የልጅ ልጄ ሬዲዮ

በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ጋ ሦስት ወር ቆይቼ ነበር። የ16 ዓመቱ የልጅ ልጄ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ፈተናውን አልፎ ምድር ቤቱን በገመድ ሞልቶታል። ከሁሉ የሚወደው ሬዲዮ ቴሌታይፕ የሚሉትን፣ ጽሑፍ በአየር የሚላክበትን ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ፊደል 5 ምልክት አለው፤ ምልክቶቹን የሚሸከሙት በ170 ሄርዝ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች ናቸው። አንዱን "አለ"፣ ሌላውን "የለም" ብላችሁ ያዙልኝ።

የሌሎች ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ይነበብለታል፤ እሱ ሲጠራ ግን የሚመልስ የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ገመድ ቀየረ፣ አንቴና አወረደ፣ ሰቀለ። እራት ላይ መናገር ተወ። እናቱም "ይሸጥና ትምህርቱን ይያዝ" ማለት ጀመረች። ዝም የሚል ልጅ ያስፈራኛል፤ ወደ ምድር ቤት የወረድኩትም ለእሱ ብዬ እንጂ ለመሳሪያው አልነበረም።

ሬዲዮ አላውቅም፤ ሕመምተኛ መጠየቅ ግን አውቃለሁ። "የምትልከው እዚያ ማዶ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አይተሃል?" አልኩት።

አላየም። ወዲያው ሌላ ከተማ የተተከለ መቀበያ በኢንተርኔት ከፍቶ የራሱን ጥሪ አዳመጠ። ድምፁ ጠንካራ ነው፤ ጽሑፉ ግን ዝብርቅርቅ። ጽሑፍ በሚፈታው ፕሮግራም ላይ ሁለቱን ድምፆች የሚያገላብጠውን ቁልፍ ሲነካ የራሱ መጠሪያ ወጣ! ለካ ሬዲዮው "አለ"ን "የለም" እያደረገ ነበር የሚልከው። የሚመጣውን የሚፈታው ኮምፒዩተሩ ስለሆነ ሲቀበል ችግሩ አይታይም። ሬዲዮው ውስጥ አንዲት ምርጫ ቀየረ፣ በቃ።

በዚያው ምሽት ከጣሊያን "599" የሚል መልስ መጣ፤ ጥርት ብለህና ጠንክረህ ትሰማለህ ማለት ነው። ቀጥሎ ከሌላ ሰው "ቲ ኦ ኦ" የሚል ሲመጣ ደነገጥኩ። "እማማ፣ ይሄ ችግር የለውም" አለኝ እየሳቀ። 5 እና ቲ፣ 9 እና ኦ አንድ ዓይነት ምልክት ይጋራሉ፤ ወደ ቁጥር የሚያዞረው ምልክት በመንገድ ሲጠፋ ቁጥሩ ፊደል ሆኖ ይወጣል።

ሬዲዮውን ብዳስሰው እንደ ትኩሳታም ሕፃን ይፋጃል። ቴሌታይፕ ሲልክ እንደ ንግግር ፋታ አያገኝም አሉ። ከ100 ዋት ወደ 50 አወረደው።

አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢቲ3ኤኤ ጣቢያ እየፈለገ ነው። እስካሁን አላገኘውም፤ በየቅዳሜው ይጠራል።