ባሕር የማይበላው ክር

ከሞርሲቶ ወይም ከሆሳዕና መጥቶ ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ኢስት ለንደን በተባለችው የወደብ ከተማ የተቀበለኝም የአገሬ ልጅ ነው። ሱቁን ለጓደኛው አደራ ብሎ፣ «ና፣ ባሕር የሚገቱበትን ነገር ላሳይህ» እያለ ወደ ወደቡ ወሰደኝ።

እናንተም አብራችሁን ኑ። ማዕበሉ እየተንደረደረ መጥቶ ሲመታ ምድሩ ይንቀጠቀጣል፤ ለእኛ ለደገኞች ይህ ጉድ ነው! ከማዕበሉ ፊት የተቆለሉት ግዙፍ የኮንክሪት ቁራጮች ዶሎስ ይባላሉ፤ በአካባቢው ልጆች የሚጫወቱበት የከብት ቁርጭምጭሚት አጥንት ስም ነው። እግሮቻቸው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። የተፈለሰፉት እዚሁ ወደብ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ኤሪክ ሜሪፊልድ መሐንዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። የፈጠራ ባለቤትነት ስላልተጠየቀባቸው ዓለም በነፃ ወሰዳቸው።

«ፌሮው የታለ?» ብዬ ጠየቅሁ። እኛ ዘንድ ፎቅ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው የፌሮ ዋጋ አይደል? እዚህ ግን ፌሮ የለም። የባሕር ጨው በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘልቆ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ከብረቱ በእጥፍ እያበጠ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ያለ ብረት መቅረትም የራሱ ጣጣ አለው። ፖርቱጋል ውስጥ ሲነሽ በተባለ ወደብ እያንዳንዳቸው 42 ቶን የሚመዝኑ ፌሮ አልባ ዶሎሶች እ.ኤ.አ. በ1978 ማዕበል ተሰባብረዋል። አስቡት፣ አርባ ሁለት ቶን!

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ሽመና ነው። የጀርመኖቹ የድሬስደንና የአኽን ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምረው ከካርቦን ወይም ከመስተዋት ክር የተሠራ መረብ ኮንክሪት ውስጥ የመቅበሩን ጥናት በሰፊው ገፍተውበታል። ጭቃ ስናቦካ ጭድ የምንጨምርበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ አንድ ሰፊ ስንጥቅ በመከፈት ፈንታ ብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ፣ ጨዋማው ውሃም በቀላሉ አይገባም። ካርቦን ስለማይዝግ በባሕር ዳር ለብረት የሚያስፈልገው የ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽፋን ቀርቶ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመኗ አልብሽታት ከተማ በመስተዋት ክር በተጠናከረ ኮንክሪት መቶ ሜትር የሚጠጋ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል።

እኔ በእንሰት አገር አድጌ ቃጫን ሳላስብ አልቀረሁም። ነገር ግን ሲሚንቶ አልካሊ ነው፤ የተክል ክርን እያደር ያዳክመውና ተሰባሪ ያደርገዋል። ተራ መስተዋትንም ይበላል፤ ለዚህ ነው ዚርኮኒያ የሚጨመርበት። ካርቦን ይህን ሁሉ ይችላል፣ ዋጋው ግን በኪሎ ከብረት ብዙ እጥፍ ነው። አሮጌ ወደብ ሲጠገን ደግሞ ከቀድሞው ፌሮ ጋር እንዳይነካካ መጠንቀቅ ይገባል፤ ከተነካኩ ፌሮው ይብስ ይዝጋል።

ከሁሉ ልቤን የያዘው ግን ሌላ ነው። የሚዝግ ብረት ከሌለ ኮንክሪቱን በባሕር ውሃና በባሕር አሸዋ ማቡካት ይቻል እንደሆነ እየተጠና ነው። አብዛኛው ገቢና ወጪ ዕቃችን የሚያልፍባት ጅቡቲ ጨው አልባ ውሃ ብርቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከእኛው ሶማሌ ክልል፣ ከሀዳጋላ፣ በቧንቧ ይሄድላታል። ያን ውሃ ሰው ይጠጣው እንጂ ሲሚንቶ ለምን ይጠጣዋል? ጥናቱ ዳር ደርሶ የጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ቀጣይ ግንብ በዚህ ክር ሲሠራ ባይ ምኞቴ ነው።