የለገሃር ጠጠር ሜዳና ሣር ሜዳ

ለገሃር የሚባለውን ስም ሰምታችሁ ይሆናል። አዲስ አበባ መሃል ያለ ሠፈር ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። አሮጌው ባቡር ዛሬ ወደዚህ አይመጣም። አዲሱ የሚነሣው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ በኩል ነው። የጣቢያው ሕንፃና ስሙ ግን እዚያው ቀርተዋል።

እኛ ለገሃር የሄድነው ባቡር ፍለጋ አይደለም። ኳስ ለማየት ነው። ከጣቢያው ጥቂት እንደተራመድን በአንዲት ባዶ ቦታ ልጆች ሲጫወቱ አገኘን። ሜዳዋ አፈርና ጠጠር ናት። ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው። ኳሷ ጠጠር ስትነካ ወዳላሰቡት ትነጥራለች። ስለዚህ ልጆቹ ከእግራቸው አያርቋትም። አጭር አጭር ይቀባበላሉ። የወደቀ ጉልበቱ ይላጣል፤ ማንም ተንሸራቶ ኳስ አይነጥቅም።

ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ብትሄዱ አዲስ አበባ ስታዲየም ትደርሳላችሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በዚህ ስታዲየም ነው። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀድማ ነበር። የእኛዎቹ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ሁለት አከሉና 4 ለ 2 አሸነፉ። የመጨረሻዋን ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። የስታዲየም ሜዳ ሣር ነው። ሣር ላይ ኳስ እንደ ጠጠሩ አትዘልም። ከሩቅ ብትላክም የት እንደምታርፍ ይገመታል።

ከእኛ አንዱ ያደገው በጠጠር ሜዳ ነው። እዚያ ኳስ የሚቀማው አልነበረም። መጀመሪያ ሣር ሜዳ ላይ ሲሰለፍ ግን ግራ ገባው። ትነጥራለች ብሎ እግሩን ያነሣል፤ እሷ ከሥሩ ታልፋለች። ዕረፍት ሲደርስ ቀየሩት። «እግሬ ገና ጠጠር ይጠብቅ ነበር» ይለናል እስከ ዛሬ። እናንተ ይህን ታውቁታላችሁ። መረሬ ማረስ የለመደ ሰው ቀይ አፈር ላይ ሲገባ እጁ እስኪለምድ ይቸገራል።

በባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። ጎልፍ የሚባል ጨዋታ አለ። እንደ ገና ጨዋታ በዱላ ይመታል፤ ግን የሚሻማ የለም። ኳሷን ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። የጥንቶቹ ሜዳዎች ያሉት በስኮትላንድ፣ ባሕር ዳር ነው። መሬቱ አሸዋ ነው፤ ለእርሻ አይሆንም፤ በግ ይግጥበት ነበር። ዛፍ ብዙም የለው፣ ነፋሱ ደግሞ ኃይለኛ ነው። ኳሷን ወደ ላይ ቢመቷት ነፋስ ይወስድባቸዋል። ስለዚህ ዝቅ አድርገው ይመታሉ፤ በደረቁ መሬት ላይ እየተንከባለለች ትሄዳለች። በመሃል አገር ያሉትን ሜዳዎች ግን ሰው ነው ያበጃቸው። ዛፍ አላቸው፤ ሣራቸው ለስላሳ ነው። እዚያ ከፍ አድርጎ መምታት ያዋጣል፤ ኳሷ ወድቃ ብዙ አትርቅም።

ወደ ልጆቹ ተመልሰን «ሣር ሜዳ ቢሰጧችሁስ?» አልናቸው። ትልቁ ሳቀ። ቦታዋ ለሕንፃ ታስባለች ብለው ነገሩን። «ሣሩ ይቅርብን፤ ይቺን አይውሰዱብን እንጂ» አለ። ይህን ሲል ኳሷ እየነጠረች ወደ እኛ መጣች። ያ ጓደኛችን በእግሩ አቆማትና መልሶ ላከላቸው።