ጠባቂው ባለቤቱን ሲወጋ



በእኛ በማጂም ሆነ ወረድ ብሎ በሚዛን ተፈሪ፣ የሰው ገላ ውሃ ቋጥሮ ሲቆስል አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሻል፤ ሌላው «የሰው ዓይን ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ እንዳይተላለፍበት ፈርቶ ከታማሚው ጋር በአንድ ትሪ መብላቱን ይተዋል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ገላን ውሃ ከሚያስቋጥሩ ሕመሞች አንዱ ፔምፊገስ ይባላል። ብዙ ጊዜ በአፍ ውስጥ ቁስል ይጀምርና ወደ ቆዳ ይዘልቃል። አላህ (ሱ.ወ) በደማችን ውስጥ ተሕዋስያንን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላትን አኑሮልናል። በዚህ ሕመም ግን ጠባቂዎቹ ይሳሳታሉ፤ የቆዳን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዘውን ዴስሞግሌይን የተባለ ፕሮቲን እንደ ጠላት ይይዛሉ። ማያያዣው ሲላላ ሕዋሳቱ ይለያያሉ፤ በመካከላቸውም ውሃ ይቋጠራል። ቦይትነርና ጆርደን የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ጠባቂዎች በታማሚዎች ደም ውስጥ በሚያበራ ቀለም ያሳዩት በ1964 እ.ኤ.አ. ነው።

የቆዳን ሕዋስ ገጽ ለማጥናት የሚያገለግሉ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖችም አሉ። እነዚህ በኦቾሎኒ፣ በስንዴና በጉሎ ፍሬ ውስጥ ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን የስኳር ዓይነት መርጠው ይጣበቃሉ። የአላህ ጥበብ በጓሯችን ጉሎ ውስጥ ሳይቀር አለ። ነገር ግን ፍሬው ብርቱ መርዝ ስለሆነ መድኃኒት ነው ብሎ መዋጥ አይገባም።

እንግዲህ ሕመሙ የጠባቂዎች ስሕተት እንጂ ተላላፊ አይደለም። አብሮ መብላትም ሆነ መጨባበጥ አያስይዝም።

ኮርቲዞንን የመሰሉ መድኃኒቶች ከመገኘታቸው በፊት ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች ይድናሉ። ስለዚህ ቁስሉ ሳይሰፋ ወደ ሚዛን ሆስፒታል መሄድ፣ ሐኪም ካዘዘም በቆዳ ሕክምና ወደሚታወቀው የአዲስ አበባው አለርት መድረስ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ረመዷን ገባ ብሎ ኪኒኑን በድንገት ቢያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ለታመመ ሰው ሸሪዓችን ማፍጠርን ፈቅዷል። ስለ ኪኒኑ ሐኪም፣ ስለ ፆሙ ዓሊም ይጠየቅ። በመድረሳ የተማርኩት ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር ነው፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያገኘሁት ዕውቀትም ይህንኑ አጠነከረልኝ።

ታማሚን መዘየቅ ሐቅ ነው፤ እንኳን ልንሸሸው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይለግሳቸው። አሚን።