የጾም ሽሮ

በቅርንጫፋችን ስድስት ሰዓት ሲደርስ የሚነሣው ጨዋታ አንድ ነው፤ «ዛሬ የት እንብላ?» አንዱ የሸክላ ጥብሱን ያወድሳል፤ ሌላዋ የእናቷ ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚቁላላ ትተርካለች። ወጣቱ ገንዘብ ከፋይ ግን ብሩን እያሰረ፣ «እኔ ጾም ነኝ» ይላል።

አንድ ረቡዕም እንዲሁ አለ። ምግብ ቤት ገብቼ ጥብሱን ስጠቀልል እጄ ተገታ። እኔ በረቡዕ ሥጋ የምበላው በዓለ ሃምሳ ስለ ሆነ አይደለምን? ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ታዲያ እርሱ የሚጾመው የትኛውን ጾም ነው? ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ስቆጥር እውላለሁ፤ የዚህን ልጅ ኪስ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ማታ ባለቤቴን፣ ለዓርብ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ እንድትቋጥርልኝ ለመንኋት። «ቅቤ እንዳይገባበት» አልኋት።

«በበዓለ ሃምሳ?» ብላ ሳቀች።

ዓርብ ምሳ ዕቃውን በጠረጴዛው ላይ ከፈትሁ። «ና፣ እንብላ፤ የጾም ነው» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጥቂት ቆየ። ከዚያም እጁን ሊታጠብ ተነሣ።